የማን ልጅ ነህ? የሰነድን ዛፍ ስለ ማቅለል

የመመረቂያ ጽሑፏን አባሪ ያነበቡት አማካሪ መምህር በአንዱ ገጽ ኅዳግ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፈው መለሱላት፦ «እኚህ እናት ስማቸው እንዲወጣ ፈቅደውልሻል?» ተማሪዋ ጥያቄውን ደግማ አነበበችው። አልፈቀዱም ነበር። ጥናቷ ወላጅ ሲሞት ልጆች የእርሻ መሬት ይዞታን እንዴት እንደሚከፋፈሉ፣ ሲጣሉም በማን እንደሚዳኙ የሚመረምር ሲሆን፣ እኚህ ሴት ቃላቸውን ከመስጠታቸው በፊት ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ አንድ ነበር፤ ወንድማቸው እንዳይሰማ። ተማሪዋ የስምምነቱን ቅጽ አንብባላቸዋለች፤ እርሳቸውም በአውራ ጣታቸው ፈርመዋል። አሁን ግን ስማቸው ከነቀበሌያቸው በአባሪው ላይ ተጽፎ ይታያል። ሰነዱ የደረሰው ለአማካሪዋና መረጃውን በማደራጀት ለሚያግዛት አንድ የክፍል ጓደኛዋ ብቻ መሆኑ መጽናኛ ነበር፤ ጓደኛዋም በዚያው ምሽት ቅጂውን ደመሰሰ።

ግራ ያጋባት ሌላ ነገር ነው። የሴትዮዋ ቃል በዋናው ሰነድ ውስጥ የተቀመጠው «ምሥጢር» የሚል መለያ ከተሰጠው ርእስ ሥር ነበር። አባሪውን ያወጣችው ራሷ በጻፈችው አጭር ፕሮግራም ሲሆን፣ ፕሮግራሙም ይህ መለያ ያለበትን ሁሉ እንዲጥል ታዝዞ ነበር። ሲሠራ አንድም ስሕተት አላመለከተም። የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል፤ ችግሩም ያ ነበር።

ተማሪዋ የመስክ ማስታወሻዋንም፣ የቃለ መጠይቆቹን ግልባጭም፣ የመመረቂያውን ረቂቅም የምትጽፈው ኢማክስ በተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ውስጥ፣ ኦርግ ሞድ በሚባለው የአጻጻፍ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ቀላል ነው። በመስመር መጀመሪያ ላይ ያለ አንድ ኮከብ ርእስን፣ ሁለት ኮከብ ንኡስ ርእስን ያመለክታል፤ በርእሱ ጫፍ በሁለት ነጥቦች መካከል የሚገባ ቃል መለያ ይሆናል (ሁለት ነጥቡ የላቲኑ እንጂ የግዕዙ አይደለም)፤ በእዝባሮች መካከል የገባ ቃል ደግሞ ሰያፍ ይሆናል። ሰነዱ ከጥሬ ጽሑፍ በቀር ሌላ ነገር ስለሌለው በማንኛውም ኮምፒውተር ይከፈታል። ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ያልተለመደ ምርጫ ቢሆንም፣ መረጃዋን በአንድ ኩባንያ የፋይል ዓይነት ውስጥ መቆለፍ ላልፈለገች ሰው የሚያስነቅፍ አይደለም።

የኢማክስ አብዛኛው ክፍል የተጻፈው በሊስፕ ነው። ጆን ማካርቲ ሊስፕን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1958 ሲጀምሩ፣ ፕሮግራሙም መረጃውም በአንድ ዓይነት ቅርጽ፣ ማለትም በቅንፍ በተከበበ ዝርዝር፣ የሚጻፍበትን መንገድ ከፈቱ። ሪቻርድ ስቶልማን ጂኤንዩ ኢማክስን ለሕዝብ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ ኦርግ ሞድን ደግሞ በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ የሆኑት ካርስተን ዶሚኒክ እ.ኤ.አ. በ2003 ጀመሩት። ሰነዱን አንጓ በአንጓ የሚተነትነውን ክፍል ኋላ የጻፉት ኒኮላ ጉዋዚዩ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው 8.0 እትም ጀምሮ ሰነዶች ወደ ሌላ ቅርጽ የሚለወጡት በዚሁ ትንተና ላይ ተመሥርተው ነው።

«ኦርግ-ኤለመንት-ፓርስ-ባፈር» የተባለው ፈንክሽን ሲጠራ ሰነዱ በሙሉ ወደ አንድ የትንተና ዛፍ ይለወጣል። በዚህ ሙያ ዛፍ ሥሩ ወደ ላይ፣ ቅርንጫፉ ወደ ታች ነው። የዛፉ እያንዳንዱ አንጓ ዝርዝር ነው፤ በመጀመሪያ የአንጓው ዓይነት ይጻፋል፤ ቀጥሎ ባሕርያቱ፤ ከዚያ በኋላ ልጆቹ በተራ ይደረደራሉ። በአናት ላይ ሰነዱ ራሱ አለ፤ ከእርሱ በታች ርእሶች፣ ከርእሶች በታች ክፍሎችና ንኡስ ርእሶች፣ ከክፍሎች በታች አንቀጾች፣ ከአንቀጾች በታች ደግሞ ተራ ጽሑፍ፣ ሰያፍ ቃል፣ ማያያዣና የመሳሰሉት ይገኛሉ። ከባሕርያቱ መካከል አንጓው በሰነዱ ውስጥ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቦታ ይገኝበታል። ቦታው የሚቆጠረው በፊደል እንጂ በባይት አይደለም፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ቢይዝም በኢማክስ ቆጠራ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሌላው ባሕርይ «ወላጅ» ነው። እያንዳንዱ አንጓ፣ ተራ ጽሑፉ ሳይቀር፣ ከበላዩ ወዳለው አንጓ የሚያመለክት ጠቋሚ ይይዛል።

ዛፉን ማቅለል ያስፈለጋት ጓደኛዋ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ሊስፕን ስለማያነብ ነበር። እርሱ የፈለገው ለእያንዳንዱ መረጃ ሰጪ አንድ ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ ሲሆን፣ ረድፎቹም ጄሰን በሚባለው ቅርጽ እንዲመጡለት ጠይቋል። ተማሪዋ ዛፉን በማያ ገጹ ላይ ስታሳትም የሦስት መስመር ሰነድ ገጹን ሞላው። የመጀመሪያ ቦታ፣ የመጨረሻ ቦታ፣ የይዘት መጀመሪያ፣ የይዘት መጨረሻ፣ ከአንጓው በኋላ ያሉ ባዶ መስመሮች ብዛት፣ ይህ ሁሉ በእያንዳንዱ አንጓ ይደጋገማል። ከሁሉ የከፋው ወላጅ የተባለው ባሕርይ ነበር። ወላጁ ልጁን ይዟል፤ ልጁ ወላጁን ይጠቁማል፤ ወላጁ እንደገና ልጁን ይዟል። ኢማክስ ክቡን ሲያገኝ ማለቂያ ወደሌለው ኅትመት እንዳይገባ በቁጥር ምልክት ይተካዋል፤ ጄሰን ግን ክብን የሚጽፍበት መንገድ ጭራሽ የለውም። ስለዚህ ቆረጠችው። ቦታዎቹን፣ ባዶ መስመሮቹን፣ ወላጁንም አንድ ላይ ጥላ ርእሱን፣ መለያውንና ጽሑፉን ብቻ አስቀረች። የቀረው ንጹሕ፣ አጭር፣ ለዓይን የሚመች ዝርዝር ነበር።

ሰነዷን ስታደራጅ ግን «እንዳይገለጹ የጠየቁ» የሚል አንድ ትልቅ ርእስ አበጅታ፣ የምሥጢሩን መለያ ለእርሱ ብቻ ሰጥታ፣ መረጃ ሰጪዎቹን በንኡስ ርእስ ከሥሩ ደርድራ ነበር። በኦርግ ሞድ መለያ ይወረሳል፤ ለወላጁ የተሰጠው ለልጆቹም እንደተሰጠ ይቆጠራል። ኢማክስ ውስጥ «ምሥጢር» ብላ ስትፈልግ ልጆቹ ሁሉ ይመጡላት ስለነበር ለእያንዳንዳቸው መድገሙ ትርፍ ሥራ መስሎ ታያት። በትንተናው ዛፍ ላይ ግን በአንጓው የመለያ ባሕርይ ውስጥ የሚጻፈው በራሱ መስመር ላይ የሰፈረው ብቻ ነው። ውርሱ የትም አልተጻፈም። የሚታወቀው ከአንጓው ተነሥቶ ወደ ወላጁ፣ ከወላጁም ወደ አያቱ በመውጣት ነው። መውጫው መሰላል ደግሞ ያ ማያ ገጹን ያጨናነቀው ጠቋሚ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ርእሶቹን ሁሉ ከዛፉ እየለቀመ ጎን ለጎን ደረደራቸው፤ ከዚያ «ምሥጢር» የተጻፈበትን ረድፍ ፈልጎ ጣለ። የተጣለው «እንዳይገለጹ የጠየቁ» የሚለው ባዶ ርእስ ብቻ ነበር። ከሥሩ የነበሩት ሰዎች በራሳቸው መስመር ላይ መለያ ስላልነበራቸው ማንም ሳይከለክላቸው ወደ ሠንጠረዡ አለፉ። ከሥራው ቅደም ተከተል አንዲት ነገር ብቻ ብትለዋወጥ፣ ማለትም ዛፉ ገና ዛፍ ሳለ ምሥጢር የሆነው ቅርንጫፍ ከነልጆቹ ቢቆረጥና ቀሪው ከዚያ በኋላ ቢደረደር፣ ይህ አይደርስም ነበር። የመሬት ውርስን ስታጠና ሁለት ዓመት የቆየች ተማሪ የመለያን ውርስ መዘንጋቷን አማካሪዋ በፈገግታ ቢያነሡትም፣ እርሷን አላሳቃትም።

በገጠር ለማያውቁት እንግዳ የሚቀርበው ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ?» ነው። ጠያቂው ሰውዬው በምን እንደሚጠራ ቢያውቅም፣ በማን ጥላ ሥር እንዳለ፣ ከማን ጋር እንደሚዛመድ፣ ምን ሊባልለት ምን ሊባልበት እንደሚችል የሚያውቀው ከመልሱ ነው። በስማችን ላይ የአባት ስም ተከትሎ የሚጠራውም ለዚሁ ነው። የኦርግ ሞድ አዘጋጆች ከአንድ አንጓ ተነሥቶ ወላጆቹን እስከ ሥሩ የሚቆጥረውን ፈንክሽን «ኦርግ-ኤለመንት-ሊኔጅ» ብለው ሰይመውታል፤ ሊኔጅ የዘር ሐረግ ማለት ነው። ተማሪዋ ይህን ፈንክሽን ያገኘችው ጉዳዩ ካለፈ በኋላ ነበር።

በመጨረሻ ግን አልተጠቀመችበትም። ከእያንዳንዱ አንጓ ወደ ላይ ከመውጣት ይልቅ ከሥሩ ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ፣ ራሱን የሚጠራ ፈንክሽን ጻፈች። ፈንክሽኑ ሁለት ነገር ይቀበላል፤ አንጓውንና እስከዚያ የተወረሱትን መለያዎች። ርእስ ሲያገኝ የርእሱን መለያዎች ከተወረሱት ጋር አዋሕዶ ለልጆቹ ያስተላልፋል፤ ሲጀምርም «ፋይልታግስ» በሚለው መስመር ለሰነዱ በሙሉ የተሰጡ መለያዎች ካሉ እነርሱን ይዞ ይነሣል። በዚህ አኳኋን እያንዳንዱ አንጓ ከወላጁ ሊያገኝ የሚገባውን ሁሉ በእጁ ይዞ ስለሚወጣ፣ ከዚያ በኋላ ጠቋሚው ቢቆረጥ የሚጎድል ነገር የለም። ሌላም ጥንቃቄ ጨመረች፤ የቀድሞው ፕሮግራም ባሕርያቱን የሚያጠፋው በዛፉ በራሱ ላይ ስለነበር ዋናው ዛፍ አብሮ ይበላሽ ነበር፤ አዲሱ ግን ዋናውን ሳይነካ ሌላ ዛፍ ይሠራል። ዋናው ሳይነካ ከቀረ አጠራጣሪ ረድፍ ሲገኝ ተመልሶ መጠየቅ ይቻላል።

ይህ ሲስተካከል ሁለተኛው ጉድለት ተገለጠ። በስማቸው ለመጠቀስ የፈቀዱ መረጃ ሰጪዎች በንግግራቸው መካከል የጎረቤት፣ የዳኛ፣ የዘመድ ስም ያነሣሉ። እነዚህ ሰዎች የተጠየቁት ነገር የለም። ተማሪዋ ስሞቻቸውን በእዝባሮች መካከል አስገብታ፣ ፕሮግራሙ በዛፉ ላይ ሰያፍ የተባለውን አንጓ ሁሉ በኮድ እንዲተካ አድርጋ ነበር። አዲሱን ውጤት ስታነብ አብዛኛው ስም እንዳለ አገኘችው። ሰያፍ ይሆናሉ ያለቻቸው ቃላት በዛፉ ላይ ሰያፍ አልነበሩም፤ እዝባሮቻቸው እንደታቀፏቸው ተራ ጽሑፍ ሆነው ቀርተዋል።

ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀባት። ኦርግ ሞድ እዝባርን የሰያፍ መክፈቻ አድርጎ የሚቀበለው ከፊቱ የመስመር መጀመሪያ፣ ክፍት ቦታ ወይም ጥቂት የታወቁ ምልክቶች ሲኖሩ ነው፤ መዝጊያ አድርጎ የሚቀበለውም ከኋላው ክፍት ቦታ፣ የመስመር መጨረሻ ወይም በላቲን አጻጻፍ የተለመዱ ሥርዓተ ነጥቦች፣ ነጥብ፣ ኮማ፣ የጥያቄ ምልክትና የመሳሰሉት ሲከተሉ ነው። አራት ነጥብ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ነጠላ ሰረዝም ድርብ ሰረዝም የሉም። ስለዚህ «/ስም/» ብቻውን ሲቆም ሰያፍ ነው፤ «/ስም/።» ግን አይደለም። ከሥርዓተ ነጥቡም በላይ የቋንቋው ጠባይ አለ። አማርኛ ስምን ብቻውን እምብዛም አይተወውም። ባዕድ መነሻና ባዕድ መድረሻ እየጨመረ «የ/ስም/»፣ «ለ/ስም/»፣ «/ስም/ን»፣ «/ስም/ም» ይላል፤ ከእነዚህ አንዱም ደንቡን አያልፍም። ደንቡን ያወጡት ሰዎች እዝባር በቀንም በፋይል አድራሻም ውስጥ ስለሚገባ ሁሉም ሰያፍ እንዳይሆን መጠንቀቃቸው ተገቢ ነው። ድንበሩን ሲያሰምሩ ያሰቧቸው ቋንቋዎች ግን ቃልን በክፍት ቦታ የሚለዩ፣ በላቲን ነጥብ የሚዘጉ ናቸው።

በማኑዋሉ የተጠቆመው መፍትሔ ስፋት የሌለው ክፍት ቦታ የሚባለውን፣ ለዓይን የማይታይ ያህል የቀጠነ ምልክት፣ ከእዝባሩ ውጭ ማስገባት ነው። ሞከረችውና ሠራ። ሆኖም ቃሉንና መድረሻውን የሚለያይ የማይታይ ምልክት በሰነዱ ውስጥ ሲበተን፣ ነገ ያንኑ ቃል የሚፈልግ ሰው ለምን እንዳላገኘው አያውቅም። ስለዚህ ተወችውና በማክሮ ተካችው። ማክሮ በሦስት ጠምዛዛ ቅንፎች ተከፍቶ በሦስት ስለሚዘጋ ከፊቱም ከኋላውም ማንኛውም ፊደል ቢመጣ ግድ የለውም፤ መጠሪያው በላቲን ፊደል መጻፍ ያለበት መሆኑ ብቻ ያስቸግራል። በቅንፎቹ ውስጥ ከስም ይልቅ ቁጥር ጻፈች፤ ስሞቹን ከነቁጥራቸው በሌላ ፋይል ለይታ አስቀመጠች። ይህ ዋጋ አስከፍሏታል። የራሷን ግልባጭ ስታነብ ሰባተኛው ሰው ማን እንደሆነ፣ ከአሥራ አንደኛው ጋር በምን እንደተጣላ ለማስታወስ በየገጹ ወደ ሌላው ፋይል መመለስ ነበረባት፤ ሰው ሆነው በአእምሮዋ የነበሩት ባለጉዳዮች ለጥቂት ሳምንታት ቁጥር ሆኑባት። ከሁለቱ ክፋቶች ይህ ይሻላል ብላ ተቀበለችው።

የርእሶቹ ጉዳይ ከዚህ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን በእጁ ዛፍ ለሚወርድ ሁሉ ይጠቅማል። የርእስ ጽሑፍ በዛፉ ላይ የርእሱ ልጅ አይደለም፤ ከባሕርያቱ አንዱ ነው። ልጆችን ብቻ እየተከተለ የሚወርድ ፈንክሽን በርእሱ ውስጥ ያለውን ማክሮም ሆነ ሰያፍ አያየውም። የኦርግ ሞድ የራሱ መዞሪያ፣ «ኦርግ-ኤለመንት-ማፕ»፣ ወደዚያም ይገባል፤ የእርሷ ግን አልገባም ነበር። ሁለት ርእሶች የጎረቤት ስም እንደያዙ ተገኙና ተስተካከሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ተማሪዋ በዛፍ ላይ ብቻ መታመኗን ተወች። ለብቻ ያስቀመጠችውን የስም ዝርዝር ይዛ በወጣው ሠንጠረዥ ላይ እያንዳንዱን ስም በተራ የጽሑፍ ፍለጋ መፈለግ ጀመረች፤ አንድም ከተገኘ ሠንጠረዡ አይላክም። ይህም እንደታሰበው ቀላል አልሆነም። በግልባጩ ውስጥ አንድ ስም አንድ ጊዜ በ«ፀ»፣ ሌላ ጊዜ በ«ጸ»፣ አንድ ጊዜ በ«አ»፣ ሌላ ጊዜ በ«ዐ» ተጽፏል፤ «ሀ»ና «ሐ»ና «ኀ»ም፣ «ሰ»ና «ሠ»ም እንዲሁ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ለፍለጋው ብቻ የሚያገለግል ሌላ ቅጂ አዘጋጅታ በዚያ ላይ ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ አመጣቻቸው፤ የሚወጣውን ሠንጠረዥ ግን እንዳለ ተወችው። ይህም በራሱ አንድ ማቅለል ነው፤ ማንንም የማይጎዳው ተፈልጎበት ስለሚጣል ብቻ ነው። የንግግር ግልባጭ ስለሆነም «ከአለሙ» የሚለው «ካለሙ»፣ «የአስቴር» የሚለው «ያስቴር» ተብሎ የተጻፈበት ቦታ ብዙ ነው፤ መነሻው የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ይውጠዋል። በ«አ» የሚጀምሩትን ስሞች ከሁለተኛው ፊደላቸው ጀምራ ፈለገቻቸው። የማይመለከታቸው ብዙ ቃላት አብረው መጡ፤ አንድ በአንድ አይታ አለፈቻቸው።

ፍለጋው በመጨረሻ ምንም አላገኘም። ሠንጠረዡን ለአማካሪዋ ከመላኳ በፊት ባለው ምሽት አትማ በወረቀት አነበበችው። በአሥራ ሁለተኛው ገጽ፣ በስማቸው ለመጠቀስ የፈቀዱ አንድ ሽማግሌ ቃል ውስጥ፣ «ተመሳሳይ አስተያየት» የሚል ማያያዣ ነበር። ማያያዣ በዛፉ ላይ የሚታየው ጽሑፉ ልጁ ሲሆን፣ የሚያመለክተው አድራሻ ግን ባሕርይ ነው፤ ፕሮግራሙ ሁለቱንም ይጽፋል። አድራሻው የአንድ የድምፅ ቅጂ ፋይል ነበር። ተማሪዋ ቅጂዎቹን በመስክ ላይ ስትቀዳ በስልኳ ላይ በየባለቤቶቻቸው ስም፣ ያውም በላቲን ፊደል፣ ሰይማቸው ነበር፤ በግዕዝ የሚፈልግ ፍለጋ ሊያየው አይችልም። የፋይሉ ስም የእኚያው እናት ስም ነበር።

በዚያው ሌሊት የድምፅ ፋይሎቹን ሁሉ ስም በቁጥር ለወጠች፤ ማያያዣዎቹን አስተካከለች፤ ሠንጠረዡን እንደገና አወጣች፤ እንደገናም አትማ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በእርሳስ እያሰመረች አነበበችው።